መሬት ላይ አስተኛው

አጎቴ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ትንሽ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ነበረው። ዛሬ ሰፈሩም ሥራ ቤቱም የሉም። የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቴን ጨርሼ ለክረምት ስመለስ እዚያ ነበር የምውለው፤ ብየዳ ችዬ ሳይሆን ሜትር ለመያዝና ሻይ ለማመላለስ። ሠራተኞቹ "ኢንጂነር" ይሉኝ ነበር። ለአክብሮት እንዳልነበረ አሁንም አውቃለሁ።

አንድ ቀን የጥበቃ ቤት ጣሪያ ታዘዘ። ወለሉ እኩል አራት ማዕዘን ነው፤ እያንዳንዱ ጎን 2 ሜትር ከ40። ጣሪያው ከአራቱም ጎን ወደ መሐል እየወጣ በአንድ ጫፍ ይገጥማል፤ ጫፉ ከግድግዳው አናት 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ባጭሩ ፒራሚድ ነው። አጎቴ ከአራቱ ጥጎች ተነሥተው ጫፉ ላይ የሚገናኙትን አራት ቱቦላሬዎች ሊቆርጥ ሲዘጋጅ፣ "ጋሼ፣ ቆይ እኔ በሂሳብ ላውጣልህ" አልኩት።

ከሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ሠራሁት። የጎኑ ግማሽ 1.2፣ ከፍታው 0.5። 1.44 እና 0.25 ሲደመሩ 1.69፤ ስኴር ሩቱ 1.3። ምንም ትራፊ የለውም! ፓይታጎረስን የተማረ ሁሉ የሚያውቃት 5፣ 12፣ 13 ለአሥር ተካፍላ ቁጭ ብላለች። መልስ እንዲህ ልቅም ብሎ ሲወጣ ሰው ራሱን መጠርጠር ይተዋል። "አንድ ሜትር ከሠላሳ!" አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አጎቴም አመነኝና አራቱንም ቆረጠ።

ሲገጥም አልደረሰም። 47 ሴንቲ ሜትር ጎደለው።

አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሲባጎ አንሥቶ ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ለካ፤ 3 ሜትር ከ39 ሆነ። ሲባጎውን ለሁለት አጠፈና ያንን ግማሽ ሊሾው ላይ በጠመኔ አሰመረ። ከመስመሩ ጫፍ ላይ ስኳድራ ደግፎ 50 ሴንቲ ሜትር ቀጥ አድርጎ አወጣ። ሁለቱን ጫፎች በሜትር አገናኘ፤ 1 ሜትር ከ77። ከዚያ ዞር ብሎ፣ "አንተ ልጅ፣ አየር ላይ ያለውን አየር ላይ ሆነህ አትለካውም። መሬት ላይ አስተኛው" አለኝ።

የተቆረጡት አራቱ ቱቦላሬዎች ግን አልተጣሉም። ቆርቆሮው እንዳይረግብ ከእያንዳንዱ ጎን መሐል ተነሥቶ ወደ ጫፉ የሚወጣ አንድ አንድ ደጋፊ ያስፈልግ ነበር። ልኩ ስንት ነው? 1 ሜትር ከ30። ሂሳቤ ስሕተት አልነበረበትም፤ ላልተጠየቅሁት ጥያቄ ነበር ልክ የመለስኩት።

ዛሬ አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞርኩ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን አስጠናለሁ። ስሪዲ ጂኦሜትሪ (ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ያላቸው ቅርጾች) ላይ ስንደርስ አሥሩም ተማሪ ያንኑ 47 ሴንቲ ሜትር ሲስት አየዋለሁ። ይህንን የምጽፈውም ለእነሱና ልጆቻቸውን አጠገብ ቁጭ ብለው ለሚያስጠኑ ወላጆች ነው።

ስሪዲ ላይ አዲስ ትሪጎኖሜትሪ የለም። ሳይን፣ ኮሳይን፣ ታንጀንት፣ ፓይታጎረስ፣ አንዳንዴ ደግሞ 90 ዲግሪ ለሌላት ጎነ ሦስት የኮሳይን ሕግ፤ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። ችግሩ ሁሉ ያለው ጎነ ሦስቷን ከመሥራት በፊት ነው። የትኛዋ ጎነ ሦስት ናት? 90 ዲግሪዋስ የት ጋ ነው? ይህ ከተመለሰ የቀረው የካልኩሌተር ሥራ ነው።

ባለፈው ዓመት ያስጠናኋት አንዲት ልጅ ጎበዝ ናት፤ ቀመሮቹን በቃሏ ትለቃቸዋለች። ሳሎናቸው ውስጥ ቁጭ እንዳልን እንዲህ አልኳት። "ይቺ ክፍል ርዝመቷ 4 ሜትር፣ ወርዷ 3፣ ከፍታዋ 2.5 ነው እንበል። እዚያ ታች ካለው የወለል ጥግ ተነሥቼ፣ በተቃራኒው በኩል ጣሪያው ሥር እስካለው ጥግ ሲባጎ ብወጥር፣ ሲባጎው ከወለሉ ጋር ስንት ዲግሪ ይሠራል?" ሳሎኑ በእርግጥ ከዚያ ይጠብባል፤ ቁጥሩን ለስሌት ብዬ አሳምሬዋለሁ። እሷ ሣጥን ሣለች፣ ሰያፍ መስመር አገባችበት፣ ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈበትን ጎን ያዘችና 2.5ን ለ4 አካፈለች። "32 ዲግሪ፣ ቲቸር።"

32 ዲግሪ እዚያ ክፍል ውስጥ አለ። ግን የሌላ ሲባጎ ነው፤ በአንዱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ በሰያፍ የሚወጣው። የእኛ ሲባጎ ግድግዳ አይነካም፤ በክፍሉ አየር መሐል ነው የሚያልፈው። እናቷ ቡና ይዘው ሲገቡ ሁለታችንም ጣሪያውን አንጋጠን አገኙንና፣ "የሸረሪት ድር ነው? ትናንት እኮ አስጠርጌ ነበር" አሉ፤ እስኪበቃን ሳቅን።

"ሲባጎው ላይ ጉንዳን እየሄደች ነው በይ" አልኳት። "ከእያንዳንዷ የጉንዳን እርምጃ ሥር ቱንቢ ብንጥል ነጥቦቹ ወለሉ ላይ ምን ይሠራሉ?" ትንሽ አሰበችና በጣቷ ወለሉ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ አሰመረች። በቃ፤ ጎነ ሦስቷ ተገኘች። ታችኛዋ የወለሉ ዲያጎናል ናት፤ 3 እና 4 ስለሆነ 5 ሜትር። የቆመችው የግድግዳዎቹ መጋጠሚያ ናት፤ 2.5 ሜትር። እነዚህ ሁለቱ 90 ዲግሪ ይሠራሉ፤ ግድግዳው ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ወለሉ ላይ ካለ ከማንኛውም መስመር ጋር 90 ነውና። ታንጀንቱ የቆመችው ለታችኛዋ ስትካፈል ነው፤ 2.5 ለ5፣ ማለትም 0.5፤ ማዕዘኑ 26.6 ዲግሪ።

ቀጥሎ ያስደረግኳትን እናንተም አድርጉት። ይቺን ጎነ ሦስት ከሣጥኑ ሥዕል አውጡና ጎን ላይ ለብቻዋ፣ ተኝታ፣ 90 ዲግሪዋ እውነት 90 መስላ እንድትታይ ሣሏት። ሣጥኑ ሥዕል ላይ አትሥሩ፤ ወረቀት ይዋሻል። ኪዩብ ስትሥሉ ከፊት ያለው ጎን ብቻ ነው ትክክለኛ ሆኖ የሚታየው። የቀሩት 90 ዲግሪዎች አንዱ 45፣ አንዱ 135 መስለው ነው የሚወጡት። ዓይን የሚያየውን ማመን ደግሞ ልማዱ ነው። አጎቴ ሊሾ ላይ ያሰመረው ይህንኑ ነበር፤ የጣሪያውን ሥዕል ትቶ የሚያስፈልገውን ጎነ ሦስት ብቻ አውጥቶ በእውነተኛ ቅርጿ አስተኛት። እኔ ትሪጎኖሜትሪ ስማር ያላየሁትን እሱ በጠመኔ ያውቀዋል።

መስመር ከዝርግ ገጽ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን ሲጠይቋችሁ፣ መስመሩ ከራሱ ጥላ ጋር የሚሠራውን ማለታቸው ነው። ጥላ ስል ፀሐይ አናት ላይ ሆና የምትጥለውን ነው እንጂ የከሰዓቱን ረጅም ጥላ አይደለም። እዚህ ላይ አዲስ አበቤዎች ዕድለኞች ነን። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል አናታችን ላይ ትቆማለች፤ በሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንትና በነሐሴ መጨረሻ። ሰዓቱ ከቀኑ 6 ሰዓት ሳይሆን ወደ 6 ሰዓት ከ25 ነው፤ የአገሪቱ ሰዓት የተሰላበት መስመር ከእኛ በስተ ምሥራቅ ስለሆነ። በዚያች ቅጽበት ያዘነበላችሁት የመጥረጊያ እንጨት የሚጥለው ጥላ ደብተራችሁ ላይ የምትሥሉት ያው የታችኛው መስመር ነው። ሚያዝያ ላይ ሞክሩት። ነሐሴ ላይ ፀሐይ ካገኛችሁም ሞክሩት።

ወደ ጣሪያው ልመለስ፤ ሁለት የተለያዩ ማዕዘኖች አንድ ላይ ተቀምጠው ያሉበት ስለሆነ ነው። የቆርቆሮው ገጽ ከአግዳሚው ጋር የሚሠራው ማዕዘን፣ ከጎኑ መሐል ተነሥቶ ወደ ጫፉ በሚወጣው መስመር ይለካል፤ ታንጀንቱ 0.5 ለ1.2፣ ማለትም 22.6 ዲግሪ። ከጥግ የሚነሣው ቱቦላሬ ግን ታችኛው መስመሩ የዲያጎናሉ ግማሽ፣ 1.697 ነው፤ 0.5 ለ1.697 ወደ 16.4 ዲግሪ ይሰጣል። ከፍታው አንድ፣ ጫፉም አንድ ሆኖ ሳለ ማዕዘኑ ግን ሁለት ሆነ፤ ከጥግ የሚመጣው ብዙ ርቀት ስለሚሄድ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ፈተና ላይ "ፌሱ ከቤዙ ጋር" እና "ኤጁ ከቤዙ ጋር" የሚሉት ሁለቱ ጥያቄዎች ልዩነታቸው ይኸው ነው። አንድ ቃል ነው የሚለያያቸው፤ እኔን አራት ቱቦላሬ አሳስቶ አስቆርጦኛል።

አራዳ ጊዮርጊስን ዙሩት። ቤተ ክርስቲያኑ ስምንት ጎን ነው፤ ግድግዳዎቹ በየጥጉ 135 ዲግሪ ይገናኛሉ። የእኛ የጥበቃ ቤት ጣሪያ አራት መሆኑ ቀርቶ ስምንት ጎን ቢኖረውና ገጹ እንደዚያው በ22.6 ዲግሪ ቢያዘነብል፣ ከጥግ የሚወጣው ቱቦላሬ ወደ 21 ዲግሪ ይሆን ነበር። ጎኑ በበዛ ቁጥር ሁለቱ ማዕዘኖች ይቀራረባሉ፤ እንደ ጎጆ ቤት ክብ ሲሆን አንድ ይሆናሉ። ጎጆ ሠሪ ከየትም ቢነሣ አንድ ዓይነት ማገር የሚቆርጠው ለዚህ ነው። ኧረ ማገር አይደለም፣ ወራጅ፤ አጎቴ ቢሰማኝ ያርመኝ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው በሁለት ገጾች መካከል ያለው ማዕዘን ነው። ለእኛም ጥያቄው መጥቶብን ነበር። ሁለት ቆርቆሮዎች በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ውሃ እንዳይገባ የታጠፈ ላሜራ ይደፋበታል። ላሜራው ስንት ዲግሪ ይታጠፍ? እኔ በዚያን ጊዜ ትምህርት ስላገኘሁ ዝም አልኩ።

መጽሐፍ ገለጥ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አቁሙ። የተከፈተበትን መጠን ለማወቅ ፕሮትራክተሩን የት ታስቀምጣላችሁ? ከላይ፣ ሁለቱ ልባሶች ከመጽሐፉ ጀርባ ጋር 90 ዲግሪ ሠርተው በሚወጡበት። በሰያፍ ብትለኩት ሌላ ቁጥር ነው የሚመጣው። ደንቡም ይኸው ነው፤ በጋራ ጠርዙ ላይ አንድ ነጥብ ትመርጣላችሁ፣ በአንደኛው ገጽ ላይ ከጠርዙ ጋር 90 የሚሠራ መስመር፣ በሌላኛውም ላይ እንዲሁ ታወጣላችሁ፤ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ነው መልሱ። አጎቴ ሁለት ቁራጭ ካርቶን በስኳድራ ከጠርዙ ጋር አስተካክሎ አስቀመጠ፣ በፕላስተር አያያዛቸው፣ ቅርጹን ወስዶ ላሜራው ላይ ገለበጠው። ዲግሪውን አላወቀውም፤ ማወቅም አላስፈለገውም።

እኔ ማታ ቤት ገብቼ ቆጠርኩት፤ ደረጃ በደረጃ ላሳያችሁ። የአንዱ ገጽ ስፋት 2.4 ሲባዛ በ1.3 ሲካፈል ለሁለት፣ 1.56 ካሬ ሜትር ነው። ያንኑ ገጽ በሌላ በኩል አዙራችሁ፣ ጠርዙን (1.7692) እንደ መሠረት ብትወስዱት ስፋቱ አይለወጥም፤ ስለዚህ ከታችኛው ጥግ ወደ ጠርዙ በ90 ዲግሪ የሚወርደው መስመር 3.12 (የ1.56 እጥፍ) ለ1.7692፣ ማለትም 1.7635 ነው። ከሌላኛው ገጽ ጥግም እኩያው ይመጣና እዚያው ነጥብ ላይ ያርፋል። አሁን ሁለት እኩል ጎን ያላት ጎነ ሦስት አገኘን፤ ሦስተኛ ጎኗ የወለሉ ዲያጎናል 3.3941 ነው። አስተኟት፤ መሐሏን ሰንጥቋት። የግማሿ ሳይን 1.6971 ለ1.7635፣ ማዕዘኑ 74.2፤ ሙሉው 148.4 ዲግሪ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ቁጥሮቹን ቀድማችሁ አሳጥራችሁ 1.70ን ለ1.76 ብታካፍሉ 150 ዲግሪ ይወጣል። ሳይኑ ወደ 1 ሲጠጋ ትንሿ ማሳጠር ማዕዘኑን ብዙ ታናውጠዋለች። ስኴር ሩቱን እንዳለ ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ሂዱ፤ ማሳጠር ካለባችሁ የመጨረሻው መስመር ላይ።

ስለ ካልኩሌተር ካነሣሁ፣ ያቺ ልጅ አንድ ቀን የ26.6ቱን ጥያቄ ደግማ ሠርታ "0.46" ብላኝ ነበር። ስልኳ ራዲያን ላይ ነበር። ከመጀመራችሁ በፊት የ30ን ሳይን ጠይቁት፤ 0.5 ካላለ እሱ ሌላ ዓለም ላይ ነው ያለው።

አንዳንዴ ደግሞ ምንም ቁጥር ሳይነካ መልሱ ይመጣል፤ እኔ በጣም የምወደው ይህንን ነው። ኪዩብ ውሰዱ። ከአንድ ጥግ ተነሡና በአንዱ ገጽ ላይ ዲያጎናል አስምሩ፤ ከዚያው ጥግ በጎረቤቱ ገጽ ላይም ሌላ። በሁለቱ ዲያጎናሎች መካከል ስንት ዲግሪ አለ? ተማሪዎቼ 90 ወይም 45 ይላሉ፤ አንዱ 45 እና 45 ደምሮ ነው። አሁን የሁለቱን ዲያጎናሎች ጫፎች አገናኙ። ያም ራሱ የሌላ ገጽ ዲያጎናል ነው! ሦስቱም እኩል ናቸው። እኩል ሦስት ጎን ያላት ጎነ ሦስት ማዕዘኗ 60 ነው። ይህንን ወረቀት ላይ ብቻ የሚያምን ተማሪ አላገኘሁም፤ የካርቶን ሣጥን ላይ በማርከር አሰምሬ፣ ሣጥኑን በዚያ መስመር በቢላ ስቆርጠው ነው ፊታቸው የሚበራው።

የማይገናኙ መስመሮችም አሉ። ከበላያችሁ የኤሌክትሪክ ሽቦ በአንድ አቅጣጫ ያልፋል፣ ከሥራችሁ የአስፋልቱ ነጭ መስመር በሌላ አቅጣጫ፤ በምንም አይነካኩም፣ ግን በመካከላቸው ማዕዘን አለ። አንዱን አቅጣጫውን ሳትለውጡ እያንሸራተታችሁ ከሌላው ጋር እስኪነካካ አምጡትና ለኩ። ለእሱ ከዚህ በላይ ቀለም አላጠፋም።

ይልቅ ዳገት ላይ ልቆይ። ከቸርችል ጎዳና ወደ ጎን በሚወጡት መንገዶች ላይ ከባድ ጭነት የተሸከመ ሰው አይታችሁ ከሆነ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው በሰያፍ እየተመላለሰ ነው። ለምን? ዳገቱ 10 ዲግሪ ነው እንበል። ሰውየው ቀጥታ ወደ ላይ ከሚያስወጣው መስመር በ60 ዲግሪ ገለል ብሎ 100 ሜትር ቢሄድ፣ እግሩ የሚሰማው ስንት ዲግሪ ነው? ብዙዎች 10ን በሆነ ነገር ማካፈል ይጀምራሉ። አታካፍሉ፤ ጎነ ሦስቶቹን አንድ በአንድ አስተኙ። የመጀመሪያዋ ዳገቱ ላይ የተኛች ናት፤ ሃይፖቲነሷ 100፣ ከቀጥታው መስመር ጋር 60 ዲግሪ፣ ስለዚህ በቀጥታው በኩል የተጓዘው 100 ሲባዛ በኮሳይን 60፣ ማለትም 50 ሜትር ነው። ሁለተኛዋ ቀጥ ብላ የቆመች ናት፤ ሃይፖቲነሷ ያ 50 ነው፣ ማዕዘኗ 10፤ ከፍታው 50 ሲባዛ በሳይን 10፣ 8.7 ሜትር ገደማ። ሦስተኛዋ የሰውየው ራሱ ናት፤ 100 ሜትር ሄዶ 8.7 ሜትር ወጣ፣ ሳይኑ 0.087፣ ማዕዘኑ 5 ዲግሪ። መንገዱን እጥፍ አድርጎ ዳገቱን ግማሽ አደረገው።

ሦስት ጎነ ሦስት ነው የፈጀው፤ እያንዳንዷ ለቀጣይዋ አንድ ቁጥር ታወርሳለች። ከባድ የሚባሉት ጥያቄዎች ሁሉ እንዲህ ናቸው። ተማሪው የሚጠፋው ሦስቱን በአንድ ሥዕል ላይ ሊሠራ ሲል፣ በተለይ "ይህ 50 የትኛው ላይ ነበር?" ብሎ ሲጠይቅ ነው። እኔ ለእያንዳንዷ ጎነ ሦስት የተለየ ቀለም እስክርቢቶ አስይዛቸዋለሁ። የሕፃን ነገር ይመስላል፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወንዶች መጀመሪያ ያፍራሉ፣ በሁለተኛው ሳምንት የራሳቸውን ቀለም ገዝተው ይመጣሉ።

አንድ ልምምድ ልተውላችሁ፤ ቤት ቁጭ ብላችሁ ሳይሆን ወጥታችሁ እያያችሁ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የቆመው የንግድ ባንክ ሕንፃ ከፍታው 209 ሜትር ገደማ ነው። መሬቱ ሜዳ ነው እንበል (አይደለም፣ ከፒያሳ ወደ ለገሃር ቁልቁል ነው፤ ለአሁኑ ግን እንዋሽ)። እናንተ ከሕንፃው ሥር በስተ ደቡብ 300 ሜትር ላይ ቆማችኋል፣ ጓደኛችሁ በስተ ምሥራቅ 400 ሜትር ላይ። ሁለታችሁም የሕንፃውን ጫፍ ታያላችሁ። ፕሮትራክተር ላይ ክርና ዳዶ አንጠልጥላችሁ ብትለኩ እናንተ ወደ 34.9፣ ጓደኛችሁ ወደ 27.6 ዲግሪ ማግኘት አለባችሁ። ሁለቱ ጎነ ሦስቶች ጀርባቸው አንድ ነው፤ ሕንፃው ራሱ። ጥበቃዎች "ምን እያነጣጠራችሁ ነው?" ካሏችሁ ደብተራችሁን አሳዩ።

ጥያቄው ይህ ነው፤ ጫፉ ላይ የቆመ ሰው እናንተንና ጓደኛችሁን ሲያይ፣ በሁለቱ እይታዎች መካከል ስንት ዲግሪ አለ? ከታች፣ ከሕንፃው ሥር፣ 90 ነው፤ ደቡብና ምሥራቅ። ከላይም 90 ነው ብላችሁ ለመጻፍ እጃችሁ ይሮጣል፤ ያዙት። ከጫፉ እስከ እናንተ 365.6 ሜትር፣ እስከ ጓደኛችሁ 451.3፣ በእናንተ መካከል ደግሞ 3፣ 4፣ 5 ስለሆነ 500። ሦስቱም ጎን የታወቀ፣ 90 ዲግሪ የሌላት ጎነ ሦስት። አስተኟትና የኮሳይንን ሕግ አምጡ። 74.6 ወይም 74.7 ካገኛችሁ ደርሳችኋል፤ ሌላ ቁጥር ካገኛችሁ ግን አትደልዙት፤ የየትኛዋ ጎነ ሦስት መልስ እንደሆነ ፈልጉት።